የሥላሴን ሰዓት አትንኩብኝ

አስጎብኚ ነኝ። ሥራዬ እንግዳ ይዞ በሰሜኑ መስመር መዞር ነው። ጎንደር ስገባ ልቤ የሚያርፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ ነው። ከከተማው ጫፍ፣ ኮረብታው ላይ፣ በጥድና በወይራ ተከቦ የተቀመጠ ደብር ነው። እንግዳ ባይኖረኝም እንኳ አመሻሽ ላይ ወጥቼ አጥሩ ጥግ መቀመጥ እወዳለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ግን በሥራ ላይ ሆኜ እዚያው ያመሸሁበትን ቀን ነው።

ነገሩ የሆነው ከኮሮና በፊት ነው። ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ የመጣ አንድ ቤተሰብ ተረከብኩ። አንዲት አዛውንት እናት፣ ልጃቸው፣ የልጃቸው ባልና አንድ ጎረምሳ የልጅ ልጅ። እናትየዋን እማማ እላቸው ነበር። የጎንደር ተወላጅ ናቸው፤ የአቡን ቤት ሠፈር ልጅ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ከወጡ ወዲህ አገራቸውን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቢሮው የሰጠኝ ፕሮግራም ጎንደርን በአንድ ቀን ይጨርሳል። ጠዋት የፋሲል ግቢ፣ ቀጥሎ ጥምቀተ ባሕሩ፣ ከምሳ በኋላ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቁስቋም፣ በመጨረሻ ሥላሴ። ለሥላሴ የተመደበው 45 ደቂቃ ነው። ከዚያ እራትና የባህል ጭፈራ፣ ሒሳቡ አስቀድሞ የተከፈለ።

እማማ ቀኑን ሙሉ ብዙም አልተናገሩም። ፋሲል ግቢ ውስጥ እኔ ስለ ነገሥታቱ ሳወራ እርሳቸው ወደ ከተማው ነበር የሚያዩት። ጎረምሳው ከስልኩ ቀና አላለም። ልጅቷ በእናቷም በልጇም ተጨንቃለች። ይህን ዓይነት ቀን አስጎብኚ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሁሉም ነገር በሰዓቱ ይሄዳል፣ ግን ማንም የትም አልደረሰም።

ሥላሴ የደረስነው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ እዚያ ስሄድ ወሬዬን የምጨርሰው ውጭ፣ ዛፍ ሥር ነው። አፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ እንደመሠረቱት፣ ግቢውን የከበበው አጥር 12 ግንብ እንዳለውና እነሱም በሐዋርያት እንደሚመሰሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ፣ ሁሉንም ደጅ ላይ እናገራለሁ። ከውስጥ ዝም እላለሁ። ጣሪያውን ሞልተው ቁልቁል የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች ሰው በራሱ ጊዜ ቀና ብሎ ማየት አለበት። አስጎብኚ ጆሮው ሥር እየቆጠረለት ምኑን አየው?

ጫማችንን አውልቀን ገባን። እማማ ከመቅደሱ ፊት ለፊት ቆሙ። በላይ ሦስቱ ሥላሴ በአንድ መልክ ተሥለዋል፤ ስቅለቱም አለ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሰገዱ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ተጠግተው፣ ሥዕሉን ሳይነኩ፣ መዳፋቸውን በአየር ላይ ዘርግተው ቆዩ። የምድጃ ሙቀት የሚሞቁ ይመስሉ ነበር።

አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ መጥተው መስቀል አሳለሟቸው። "የማን ልጅ ነሽ?" አሏቸው። የሰማንያ ዓመት እናት "ነሽ" ሲባሉ ፊታቸው እንዴት እንደበራ! የአባታቸውን ስም ነገሯቸው። ቄሱ አላወቋቸውም። ሠፈሩን ግን ያውቃሉ። ከሠፈር ወደ ሠፈር፣ ከደብር ወደ ደብር እያሉ አርባ አራቱን ታቦት ሊያዳርሱ ምንም አልቀራቸው። በሩ ሲዘጋ ወጥተን ግቢው ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ልጄ፣ እኔ ዛሬ ከዚህ አልነሳም" አሉኝ። "ክርስትና የተነሣሁት እዚህ ነው። ጭፈራውን እናንተ ሂዱ።"

ቢሮ ደወልኩ። የኦፕሬሽኑ ኃላፊ በአጭሩ መለሰልኝ፦ "የተከፈለበት ነው፤ ሬስቶራንቱ አይመልስልንም። ይዘሃቸው ውጣ።"

በዚህ ጉዳይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። የቢሮውን ሐሳብ የሚደግፉም አሉ። እንግዳ ዛሬ "ይቅርብኝ" ብሎ፣ አገሩ ሲገባ "የከፈልኩበትን አላገኘሁም" ብሎ ቢጽፍስ ይላሉ። እውነት ነው፣ ደርሶባቸው የሚያውቁ አሉ። ግን መፍትሔው ሰውን ከተቀመጠበት ማንሳት አይደለም። ልጅቷን ጠርቼ ነገሩን በግልጽ ነገርኳት። ባሏንም ልጇንም ጠየቀች። የእራቱ ቫውቸር ጀርባ ላይ "በራሳችን ፈቃድ ትተነዋል" ብላ በእጇ ጻፈችና ፈረመች። ሹፌራችንን ዳቦና ውኃ እንዲያመጣልን ላክነው። አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው መቼም የማልረሳው። ጸሐይዋ ዘቅዘቅ አለች። ዲያቆኑ የወደቀውን ቅጠል ይጠርጋል። ጎረምሳው የስልኩ ባትሪ አለቀበትና አያቱ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። "መላእክቱ ለምንድን ነው ሁሉም ወደ ታች የሚያዩት?" አላቸው፣ በተሰባበረ አማርኛ። እማማ ወሬ ጀመሩ። በ1880 ዓ.ም ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይቺ ደብር እንዴት እንደተረፈች፣ የንብ መንጋ ከግቢው ወጥቶ እንዴት እንዳባረራቸው፣ ልክ ከሴት አያታቸው እንደሰሙት ተረኩለት። ይህን ታሪክ እኔ ከሰዓታት በፊት ለዚያው ልጅ ነግሬው ነበር። ያኔ አልሰማኝም። አሁን አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። "ንቦቹ አሁንም አሉ?" አለ። "ፈልጋቸዋ" አሉት። ተነስቶ አጥሩን እየተከተለ፣ ግንብ ግንቡን እያየ ዞረ።

ልጅቷ ከእኔ ራቅ ብላ ታለቅሳለች። ባሏ ትከሻዋን ይዟታል። እኔም ሥራዬን ሠራሁ፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ለምሽት ጸሎት የመጡ ጥቂት ሰዎች ደጀ ሰላሙን እየተሳለሙ ያልፋሉ። አንዲት ሴት እማማን ሳታውቃቸው ጉልበታቸውን ስማ አለፈች። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ እስኪመጣ ድረስ ማንም ሰዓት አልጠየቀኝም።

አዲስ አበባ ስመለስ ቢሮው የእራቱን ሒሳብ ከአበልህ እንቆርጣለን አለኝ። ቫውቸሩን ገልብጬ አሳየሁ። የእንግዳ ፊርማ ስላለበት ምንም ማለት አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ፕሮግራም ሲለውጥ፣ ትንሽም ብትሆን፣ እዚያው ቦታው ላይ አጽፌ አስፈርማለሁ። ለጀማሪ አስጎብኚዎችም መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

የጎንደር ፕሮግራም ሲላክልኝም መጀመሪያ የማየው የሥላሴን ሰዓት ነው። ከምሳ በፊት ካስቀመጡት ከቁስቋም ጋር አቀያይረዋለሁ። በጾም ቀን ደግሞ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚወጣ፣ በጊዜ የሄደ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ መዋሉ ነው። ሥላሴ የቀኑ መጨረሻ ይሁን፤ ከእሱ በኋላ ምንም አይያዝ። እራቱንም ሆቴል አድርጉት፣ በፈለጉት ሰዓት ገብተው የሚበሉት። ኦፕሬሽን ክፍሉ መጀመሪያ ያጉረመርም ነበር። አሁን ገና ሲያወጡት እንዲያ አድርገው ነው የሚልኩልኝ።