አዲስ መንገድ ሲመጣ በአሮጌው ላይ ማን ይቀራል?

ኮምቦልቻ ውስጥ ስለ ደሴ መንገድ ወሬ ከተነሣ «እንደ አዳማው ያለ ፈጣን መንገድ ቢሠራልን ከሐረጎ ዳገት ጣጣ እንገላገል ነበር» የማይል ሰው አይገኝም። ምኞቱ የእኔም ነው። ዳገቱን ከተሳቢ ኋላ ተሰልፎ፣ ጥቁር ጭስ እየማገ የወጣ ሁሉ ይረዳኛል። ሆኖም ከምኞቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ያ ሁሉ መኪና ከየት ተነሥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?

ከተማችን ይህን ነገር አንድ ጊዜ አይታዋለች። የአሰብ ጭነት ድሮ በባቲ ወጥቶ ኮምቦልቻ ይገባና በደብረ ሲና፣ በጣርማበር ዋሻ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይዘልቅ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም የዚህ መስመር ሾፌር ነበሩ። ኮምቦልቻ ያድራሉ፤ ጎሚስታው ጎማ ሲያይላቸው ረዳታቸው የፍሬኑን ነገር ይፈትሻል። በ1960ዎቹ ከአዋሽ በሚሌ የሚያልፈው የቆላ መንገድ ሲሠራ ግን ረጅሙ ጭነት ተራራውን ትቶ ሜዳውን ያዘ። እርሳቸውም ከጭነቱ ጋር ሄዱ።

መንገዱ ታዲያ ጭር ብሎ ቀረ? አልቀረም። ከተማዋ የራሷን መኪና አፈራች፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እያንዳንዳቸው ጭነትና ሠራተኛ ያመላልሳሉ።

የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድም ከ2007 ጀምሮ የሚያሳየን ይህንኑ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ሦስት ሦስት መስመር አለው፤ ከፍሎ የሚያልፈውን የሩቅ መንገደኛ ከአሮጌው መንገድ ላይ አንሥቶለታል። ዱከም፣ ቢሾፍቱና ሞጆ ግን ዛሬም የቆሙት በአሮጌው መንገድ ግራና ቀኝ ነው። ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ ፈጣኑ ላይ አይገቡም። ስለዚህ አሮጌው ላይ የቀረው አጭር ርቀት የሚሄድ፣ በየመቶ ሜትሩ የሚቆም፣ ሰው አውርዶ ሰው የሚጭን ነው። የመኪናው ቁጥር ቢቀንስ እንኳ ለሚሻገር ሕፃን መንገዱ ቀለለ ማለት አይደለም።

ወደ ሐረጎ ልመለስ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ በዚያች ርቀት መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከባዱ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ያዝ እያደረገ ሲወርድ የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሚኒባሳችን ውስጥ ድረስ ይገባል። ከጎኑ እንጨት የተሸከሙ እናቶች የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ይሄዳሉ፤ የሚራመዱበት ሌላ ቦታ የላቸውም። ከእኛ ሚኒባስ ተሳፋሪ ደግሞ አብዛኛው ሥራው ደሴ፣ ቤቱ ኮምቦልቻ ነው፤ ወይም ተቃራኒው። የቱንም ያህል ሰፊ መንገድ በሌላ በኩል ቢያልፍ እነዚህ እናቶች እዚሁ ናቸው።

ተሳቢው የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ይሠራ፤ አልቃወምም፣ እንዲያውም ይፍጠን። ግን የእግረኛው መሄጃ እርሱን መጠበቅ የለበትም። መኪና የሚቆጥሩ ባለሙያዎችም ዓይነቱን ለይተው መመዝገባቸው ጥሩ ሆኖ፣ ሾፌሩን መነሻውንና መድረሻውን ይጠይቁት፤ በእግር የሚሄደውንም ይጻፉ። ሰኞን ደግሞ እንዳይዘሉ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ የዚያን ቀን መንገዳችን ላይ የሚወጣው ሰውና ከብት በሌላ ቀን ቆጠራ አይታይም።