ለአሥረኛ ዓመታችን ሐዋሳ ሄደን ተጣልተን መጣን

የተጋባነው ጥር 17 ቀን 2007 ነው። እሑድ ነበር። በ2017 ያው ቀን ቅዳሜ ላይ ዋለ፤ አሥር ዓመት ሞላን ማለት ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቁ 8 ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ 6፣ ትንሹ 3። ልጅ ከወለድን ወዲህ ሁለታችን ብቻ ከቤት ውጭ ያደርነው አንድ ሌሊት ነው። እሱም ለቅሶ ነበር።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ብሩ ስለሆነ እሱን ልገላግላችሁ። መሥሪያ ቤት እቁብ አለን። አሥር ሰዎች ነን፣ በወር 3,000 ብር እንጥላለን። ኅዳር ላይ ዕጣው ወጣልኝ፤ 30,000 ብር። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳምንቱ ለትምህርት ቤት ክፍያና ለዘይት ተበትኖ ያልቅ ነበር። አሁን ግን ለባለቤቴ ሳልነግር 20 ሺውን ካርድ በሌለው ሒሳብ አስቀመጥኩት። እጅ ላይ ያለ ብር ማለቂያ ሰበብ አያጣም። (ይህችን ድብቅነቴን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።)

ጉዞውን ስነግረው ባለቤቴ ሳቀ። አኒቨርሰሪ የፈረንጅ ነገር ነው ባይ ነው። “ቢሾፍቱ ምሳ በልተን ብንመለስስ?” አለ። እንቢ አልኩ። ቢሾፍቱ ትንሹ አስነጠሰ ከተባለ ወዲያው መኪና አስነስተን የምንመለስባት ከተማ ናት። እኔ የፈለግኩት ቶሎ የማይመለሱበትን ርቀት ነው። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ተስማማን።

የከበደችኝ እናቴ ናት። “መሬት እየተንቀጠቀጠ ልጆች ጥሎ ሽርሽር!” አለችኝ። ፍርሃቷ እውነት ነበረው። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሚነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማን ነበር። እኛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነን። አንድ ሌሊት አምፖሉ ሲወዛወዝ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ደረጃ ወርደናል። መጀመሪያ ያሰብነው እናቴ እኛ ቤት መጥታ እንድትቆይ ነበር። በዚህ የተነሳ ተገለበጠና ልጆቹ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወዳለው የእሷ ቤት ሄዱ። ምድር ቤት ነው፣ ግቢ አለው።

ሳናስበው ትክክለኛውን ነገር አደረግን። እናቴ እኛ ቤት እንግዳ ናት፤ ድስቱ የት ነው፣ የዚህ ልጅ ጋቢ የታለ እያለች ስትደውል ትውላለች። እሷ ቤት ግን አዛዧ እሷ ናት፤ ልጆቹም ሕጓን ያውቃሉ። እኔ ደግሞ የእንቅልፍ ሰዓት፣ የመድኃኒት መጠን፣ ማን ምን አይበላም የሚል ሁለት ገጽ ጽፌ ሰጠኋት። አንዴ አየችው። “አንቺን በወረቀት ነው ያሳደግኩሽ?” ብላ አጥፋ መሶቡ ላይ ጣለችው።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱን ትምህርት ቤት አድርሰን 3 ሰዓት ላይ በአሮጌዋ ቪትዛችን ወጣን። እስከ ሞጆ በአዳማው ፈጣን መንገድ፣ ከሞጆ እስከ ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ) ደግሞ ወደ ሐዋሳ በሚሠራው ፈጣን መንገድ ሄድን። እስከዚያ ድረስ መንገዱ ምንጣፍ ነው። ከባቱ በኋላ ግን ጉድጓዱም አለ፣ ጋሪውም አለ፣ መሐል አስፋልት ላይ ቆሞ የሚያስብ አህያም አለ። በጠዋት ውጡ የምለው ለዚህ ነው፤ ሳይመሽ መግባት ይሻላል።

ባቱ ለምሳ ቆምን። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ቤታችን ውስጥ እንደ ትዳራችን አሥር ዓመቱ ነው። ቀኑ ዓርብ ስለነበር እሱ አልበላም፣ እኔ በላሁ። ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ተቀምጦ ሽሮ ያዘዘ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ሻሸመኔ ስንደርስ ስልክ ጮኸ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሊያወጣ የሄደው ወንድሜ ነው። አናውቅህም ብለው ከለከሉት። ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን አልሰጥም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለመሶቡ ሁለት ገጽ ስጽፍ ለጥበቃው አንድ መስመር አልጻፍኩም። መኪናውን ዳር አቁመን ለአስተማሪዋ ደወልኩ፣ የወንድሜን መታወቂያና የኔን በቴሌግራም ላክሁ፣ ዳይሬክተሯ ደግሞ መልሳ ደወለችልኝ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ባለቤቴ መኪናውን ወደ አዲስ አበባ የሚያዞረው መስሎኝ ነበር። ልጆቻችሁን ሌላ ሰው የሚያወጣቸው ከሆነ ሰውየውን ቀድማችሁ ይዛችሁ ሂዱና አስተዋውቁ፤ በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም።

ያን ዕለት ማታ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ተቀመጥን። ነፋሱ ደስ ይላል፣ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ አወራን። ስለሚጠፋው ውኃ አወራን። ስለ ትንሹ ሳል አወራን። ከዚያ ወሬ አለቀ። እሱ ስልኩን አወጣ፣ እኔም አወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ። ልጆቹን ከመሐላችን ብታወጧቸው የቀረን ነገር ያለ አልመሰለኝም። ስለዚህ ወደ ልጆቹ ደወልኩ። በአራተኛው ጥሪ እናቴ ቆጣ አለች። “ሊተኙ ሲሉ ድምፅሽን እየሰሙ ነው የሚያለቅሱት። ካልደወልኩልሽ ደህና ነን ማለት ነው” ብላ ዘጋችው። በማግስቱ የደወልኩት ጠዋት አንዴ ብቻ ነው። ማንም አላለቀሰም። ጠዋት ልጅ ጨዋታ ላይ ነው፣ ለእናቱም ጊዜ የለውም።

ቅዳሜ በጠዋት አሞራ ገደል ሄድን። ሐዋሳ ሄዳችሁ ይህን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ፣ የአካባቢው ልጆች ሲገፍፉት፣ ሴቶቹ ሲጠብሱት ሁሉም እዚያው ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች እንደ ዕድር ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው የቆሙ ይመስላሉ። የዓሣ አንጀት ሲጣል ብቻ ነው ክብራቸውን የሚረሱት። ባለቤቴ ቀኑ የፍስክ ነውና የትናንቱን ሽሮ ተበቀለ፤ ሁለት ቆሮሶ ብቻውን ጨረሰ።

ከዚያ ጀልባ ያዝን፣ ጉማሬ ለማየት። ባለ ጀልባው ጨዋታ ያውቃል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ እንደሌለ፣ እንዲያም ሆኖ ውኃው ጨዋማ እንዳልሆነ ነገረን። በመሐል “ልጆች የላችሁም?” አለን። አሉን አልነው። “ታዲያ ምነው ሳታመጧቸው?” አለ። ክፋት አልነበረውም፤ ግን ልጆቼን ገበያ መሐል ረስቼ እንደመጣሁ ተሰማኝ። ባለቤቴ ቀስ ብሎ “ዛሬ ተራው የኛ ነው” አለው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና መቅዘፉን ቀጠለ።

ምሳ ቡርሳሜ በላን። ለማታውቁት፣ ቆጮው በቅቤ ርሶ የሚቀርብ የሲዳማ ምግብ ነው፤ ከበሉት በኋላ መራመድ አይታሰብም። ከሰዓት ታቦር ተራራ ልንወጣ አቅደን ነበር። ተኛን። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ማንም ሆዳችን ላይ ሳይቀመጥ። ከጉዞው አንድ ነገር ብቻ ልድገም ብባል ያቺን እንቅልፍ ነው።

ማታ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ሠርግ ነበር። ጥር ነው፣ መገመት ነበረብኝ። ክፍል ስይዝ ቁርስ አለ ወይ፣ ሙቅ ውኃ አለ ወይ ብያለሁ። የዚያን ቀን ሠርግ አለ ወይ አላልኩም። በጥር ሆቴል የምትይዙ ሰዎች፣ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። ዲጄው መስኮታችን ሥር ነው ያለው ማለት ይቻላል። እንቅልፍ ስላልታሰበ በረንዳ ላይ ወጥተን ተቀመጥን።

ከእንቅልፉ ነው ወይስ ከሙዚቃው አላውቅም፣ ባለቤቴ ድንገት “ሰኔ ላይ ድሬዳዋ ሥራ አግኝቼ ነበር” አለኝ። ደመወዙ አሁን ካለው ይሻላል። እንቢ ብሏል። ለኔ አልነገረኝም። በጥር ነው የምሰማው!

ጮህኩ። እንዴት አትነግረኝም፣ እኔ ማን ነኝ ያንተ አልኩት። እሱም ጮኸ። “መቼ ልንገርሽ? ማታ ስመጣ ልጅ ታቅፈሽ ተኝተሻል። ጠዋት ካልሲ እየፈለግሽ ነው። አንቺስ የእቁቡን ብር ደብቀሽኝ የለ?” አለ። እሱ ሌላ ነው አልኩ። ምኑ ነው ሌላ አለኝ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ተጨቃጨቅን። ደግነቱ ታች እስክስታ እየተመታ ስለነበር ማንም አልሰማንም።

ቤታችን ውስጥ አንጣላም። ልጆች ይሰማሉ ብለን አንድ ነገር ሲከር “በኋላ እናወራለን” እንላለን፣ በኋላ ደግሞ የለም። እኔ ይህን ሰላም ብዬው ነበር። በዚያ በረንዳ ላይ ግን አንድ ጠብ እስከ መጨረሻው ተጣላን፤ የሁለት ዓመት ውዝፍ ነው የወጣው። መጨረሻ ላይ በስሜ ጠራኝ። ቤት ውስጥ በልጆቹ አፍ “እማዬ” ነው የሚለኝ፣ እኔም “አባዬ” ነው የምለው። ስሜን ከእሱ አፍ ስሰማ ለምን እንዳለቀስኩ እንጃ።

ስለ ድሬዳዋ የወሰንነው ነገር የለም። ሌላ ዕድል ከመጣ ግን አብረን ነው የምንመልሰው ተባብለናል። የእቁቡን ሒሳብም አሳየሁት፤ ነዳጁም ምግቡም ተደምሮ ከ20 ሺው ትንሽ አልፈናል።

እሑድ ሻሸመኔ ላይ ለእናቴ ድንችና ካሮት ገዝተን ማታ ላይ ደረስን። ትንሹ አየኝና ወደ አያቱ ሮጠ፣ ቀሚሷ ሥር ተደበቀ። ለካስ ቅዳሜ ሌሊት ትኩሳት ነበረው። ወንድሜ ክሊኒክ ወስዶት ሽሮፕ ሰጥተውት ተሽሎታል። እናቴ አልነገረችኝም። “ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? በሌሊት መኪና ይዘሽ ልትወጪ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ግን ልክ ናት ብዬ አላምንም፤ ለሚቀጥለው ክሊኒክ ከተሄደ እንዲነግረኝ ወንድሜን አስምዬዋለሁ።

መኪና ውስጥ ትልቁ ልጄ “እዚያ ምን ስትሠሩ ነበር?” ብሎ ጠየቀ።

“ስንጣላ” አለ አባቱ።

ልጁ ትንሽ አሰበ። “ማን አሸነፈ?”