ኮሜትን ፍለጋ በአንዳሲቤ ደን

ከማዳጋስካር ዋና ከተማ ከአንታናናሪቮ በስተምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የአንዳሲቤ ደን አብዛኛው ሰው የሚሄደው ኢንድሪ የተባለውን ትልቅ ሌሙር፣ ማለትም ዝንጀሮ መሰል የዛፍ ላይ እንስሳ፣ ለማየት ነው። የኢንድሪው ድምፅ ማለዳ ደኑን ሲያስተጋባው መስማት በእርግጥም ያስደስታል። እኔን የሳበኝ ግን ከማዳጋስካር በቀር የትም የማይገኘው የእሳት እራት፣ አርጌማ ሚትሬይ ነው፤ ኮሜት ይሉታል።

መንገዱ ወደ ቶአማሲና ወደብ በሚመላለሱ የጭነት መኪኖች የተጨናነቀ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ማታ መዘዋወር ስለማይፈቀድ፣ ሲመሽ የመንደሩ ነዋሪዎች ራሳቸው ወደሚያስተዳድሩት ደን ገባን። ወቅቱ ዝናብ ነበር። አስጎብኚያችን ድንገት ቆሞ ባትሪውን ወደ አንድ ቅርንጫፍ አበራና «እንዳትነኩት፣ ክንፉ ገና አልደረቀም» አለን።

ወንዱ ነበር። ቢጫ ክንፎቹ ላይ ዓይን የሚመስሉ አራት ክቦች አሉ፤ ሲዘረጉ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። የኋላ ክንፎቹ ጫፍ ቀጥኖ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጅራት ሆኖ ይወርዳል። የሴቷን ሽታ ከሩቅ የሚለይባቸው አንቴናዎቹ ወፍራምና ላባማ ናቸው።

ከአጠገቡ የወጣበት የሐር ጎጆ ተንጠልጥሏል። ብርማ ነው፤ ደግሞም እንደ ወንፊት የተበሳሳ። አባጨጓሬው ጎጆውን ሲፈትል ቀዳዳ የሚተውለት ዝናቡ እንዲንጠፈጠፍ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ለወራት ውስጡ የሚቆየው ነፍሳት ውኃ ሞልቶበት ይሞት ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሩን መርምረው፣ በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የአየር ክፍተቶች የፀሐይን ብርሃን እያንጸባረቁ ጎጆው እንዳይግል እንደሚያደርጉ አሳይተዋል። እኔ ከክንፉ ይልቅ ጎጆው ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ።

ክንፍ ካወጣ በኋላ ምንም አይበላም። አባጨጓሬ ሳለ ባጠራቀመው ስብ አራት አምስት ቀን ይኖራል። በዚያች ጊዜ ወንዱ ሴቷን ማግኘት፣ ሴቷም ከመቶ በላይ እንቁላል መጣል አለባት። ስለዚህ ደኑ ሲቆራረጥ ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ወንድና ሴት ሳይገናኙ ቀናቸው ያልቃል። ደኑን እያሳነሱት ያሉት ለሩዝ እርሻ ሲባል ዛፍ ቆርጦ የማቃጠሉ ልማድ፣ ታቪ፣ እና የከሰል ንግዱ ናቸው። ገበሬውን መውቀስ አልችልም፣ ቤተሰቡን መመገብ አለበት። ከደኑ ገቢ ሲያገኝ ግን እንደሚጠብቀው አስጎብኚያችን ራሱ ምስክር ነው፤ አባቱ ከሰል አክሳይ ነበሩ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አንታናናሪቮ ስለሚበር ለእኛ ሰው ጉዞው ሩቅ አይደለም። የምትሄዱ ከሆነ በዝናቡ ወራት ሂዱ፣ አስጎብኚም ከመንደሩ ቅጠሩ። በመስታወት ተለብጦ ለማስታወሻ የሚሸጠውን የደረቀ ኮሜት ግን አትግዙ።