የአጎቴ ደብተር፦ ከናቅፋ ግንባር

ስለ ኤርትራው ጦርነት የጄኔራሎቹን ማስታወሻዎች አንብቤያለሁ። ማን ትእዛዝ አበላሸ፣ ማን ማንን አሳጣ፣ ወሬው እሱ ነው። የአጎቴ ደብተር ግን ከዳር እስከ ዳር ውሃ ነው።

አጎቴ የደሴ ልጅ ነው፣ የሸዋ በር። ናቅፋ ግንባር፣ ናደው ዕዝ ውስጥ ተራ ወታደር ነበር። የሳህል ተራሮች ላይ ከሻዕቢያ ጋር ምሽግ ለምሽግ ተፋጠው ከረሙ። ውሃ በቦቴ መጥቶ ተራራው ሥር ይቀራል፤ ከዚያ በላይ በጀሪካን፣ በሰው ጀርባ ነው። ጀሪካኑ ናፍጣ የነበረበት ስለሆነ ውሃው ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ እሱም ቢሆን በኮዳ ክዳን እየተሰፈረ ነው። «ኮቾሮ ያለ ውሃ ጉሮሮ ይልጣል» ይላል ደብተሩ፣ ስለ ወታደሩ ደረቅ ብስኩት። ቀጥሎ ስለ ቦርከና ወንዝ ሁለት ገጽ ሙሉ! ስለ ውጊያ እንኳ እንዲህ አልጻፈም።

የካቲት 1980 የዕዙ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ። የገዛ አዛዡን የገደለ መንግሥት ከዚያ በኋላ ምን እንዲዋጋለት እንደጠበቀ አይገባኝም። መጋቢት 8 ሻዕቢያ አጠቃ፣ በሦስት ቀን ውስጥ የዕዙ ዋና ሰፈር አፍአበት ተያዘች። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጠባብ መተላለፊያ ላይ የታገተውን የታንክና የመኪና ሰልፍ ደግሞ ጠላት እጅ እንዳይገባ ተብሎ የራሳችን አውሮፕላኖች ደበደቡት። አጎቴ ይሄን በጥቂት መስመር ነው ያለፈው። ስጠይቀውም «ተቃጠለ አልኩህ፣ ሌላ ምን ልበልህ?» ብሎ ዘጋኝ።

ረጅሙ ወደ ከረን የተጓዙበት ነው። ሌሊት መሄድ፣ ቀን ጥሻ ውስጥ መተኛት። ምላሱ አብጦ መናገር ሲያቅተው አብሮት የነበረ የኮምቦልቻ ልጅ ኮዳው ውስጥ የቀረችውን ጠብታ በጨርቅ እየነከረ ከንፈሩ ላይ ይጨምቅለት ነበር። ከረን ሲገቡ በግርግሩ ተጠፋፉ፣ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

ዛሬም ውሃ በፈረቃ በመጣ ቁጥር ጋሼ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ የለስላሳ ጠርሙሱን ሳይቀር ይሞላል። ሚስቱ «ቤቱ እኮ መጋዘን ሆነ!» ትላለች። እሱ አይሰማትም።

ደብተሩን በኮምፒውተር መተየብ ጀምሬያለሁ። የተጣላነው በኮምቦልቻው ልጅ ስም ነው። እኔ ይግባ እላለሁ፣ ጋሼ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አይሆንም አለ። ስለዚህ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ልናፈላልግ ነው። ጋሼ የአባቱን ስምና ሰፈሩን ያስታውሳል።