የካዚኖ ቺፕ ስትገዙ ከግራሙ በፊት ውፍረቱን ለኩ

ቺፕ (ቁማር ጠረጴዛ ላይ በገንዘብ ፈንታ የሚቀመጠው ክብ ነገር) ሻጮች ማስታወቂያቸው ላይ ከምንም በፊት የሚያስቀምጡት ቁጥር 11.5 ግራም ነው። 13.5 እና 14 የሚሉም አሉ። ከበድ ካለ “የካዚኖ ጥራት” ነው ይባላል። ነገር ግን አሜሪካ ካዚኖዎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲሠራባቸው የኖሩት፣ በፕሬስ ተጨምቀው የሚመረቱት የክሌይ (ሸክላ መሰል ቅልቅል) ቺፖች አብዛኛውን ጊዜ ከ8.5 እስከ 10 ግራም ናቸው። 11.5 ግራም የሚመዝነው የቤት ቺፕ ክብደቱን የሚያገኘው ውስጡ ከተቀበረ ብረት ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት የቁማር ደንብ ለተለመደው ቺፕ ያስቀመጠው ልክ ውፍረቱ 0.130 ኢንች፣ ዲያሜትሩ 1.55 ኢንች ነው፤ ማለትም 3.3 እና 39.4 ሚሊ ሜትር። ይህ ወደ 4 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ኤቢኤስ ፕላስቲክ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.05 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ምንም ያልተቀበረበት የኤቢኤስ ቺፕ 4.2 ግራም ቢመዝን ነው። 11.5 ለማድረስ 8.4 ግራም ያህል ብረት መግባት አለበት። ብረቱ 33 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቢሆን፣ የተቆረጠበት ላሜራ ውፍረት በ0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲለያይ የቺፑ ክብደት በ0.3 ግራም ገደማ ይለወጣል፤ ከውጭ ግን ምንም የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቺፕ ሚዛን ላይ ስታስቀምጡ በአብዛኛው የምትመዝኑት የብረቱን አቆራረጥ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ዋጋ ያለው ውፍረቱ ነው። ቬጋስ ውስጥ በዲለርነት (ጨዋታውን እየመሩ ክፍያ በመክፈል) የሚሠሩ ሐበሾች ይህን በየቀኑ በእጃቸው ያውቁታል፦ ዲለር ክፍያ ሲከፍል ሁልጊዜ አንድ በአንድ አይቆጥርም። ቁልሉን ከተጫዋቹ ቁልል ጋር አስጠግቶ ቁመታቸውን በጣቱ ያስተካክልና ትርፉን ያነሳል። 20 ቺፕ በ3.3 ሲባዛ 66 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን እያንዳንዱ ቺፕ በ0.17 ሚሊ ሜትር ወፈረ እንበል፤ 19ኙ ብቻ 66 ሚሊ ሜትር ይሞላሉ። ቁልሎቹ እኩል መስለው አንድ ቺፕ ይጎድላል። የ100 ዶላር ቺፕ ከሆነ በእያንዳንዱ ቁልል 100 ዶላር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚስቱት ነገር አለ። ከአንድ ምርት ውስጥ አንዱ ቺፕ ትንሽ ወፍሮ ሌላው ትንሽ ቢሳሳ፣ ቁልል ውስጥ ሲገቡ ስሕተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። በአንድ ቺፕ 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነ ወዲያ ወዲህ ማለት በ20 ቺፕ ቁልል ላይ የሚያመጣው መዋዠቅ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓይንም ጣትም አይለየውም። ሁሉም ቺፕ ባንድ አቅጣጫ በዚያው 0.05 ከወፈረ ግን ልዩነቱ ይደመርና 1 ሚሊ ሜትር ይሞላል። ስለዚህ ሁለት ቺፕ መዝኖ “አንዱ 9.4፣ ሌላው 9.7 ነው” ብሎ ከመደናገጥ ይልቅ፣ ያለፈው ዓመት ምርትና የዘንድሮው አማካይ ውፍረታቸው አንድ መሆኑን ማየት ይሻላል።

የክሌይ ቺፕ ለምን እንደሚለያይ አሠራሩን ሲያዩት ግልጽ ነው። ማያያዣና ክብደት የሚሰጥ ዱቄት (ባራይት የሚባለው ከባድ ማዕድን የተለመደ ነው) ከቀለም ጋር ይቦካና በሮለር እንደ ሊጥ ይዳመጣል። ከዚያ ክብ ክቡ ይቆረጣል። ጠርዙ ላይ ያሉት ባለቀለም ምልክቶች ቀለም የተቀቡ አይደሉም፤ ከክቡ ጠርዝ ተቆርጦ በወጣው ቦታ ልኩን የያዘ ሌላ ቀለም ያለው ክሌይ ይገባል። መሃሉ ላይ ሥዕሉ ይቀመጥና በጋለ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ተጨምቆ ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ ጠርዙ ላይ የተረፈው ይላጣል። የተዳመጠው ሊጥ ሲወፍር የተረፈው በጎን ይወጣል ወይም ሞልዱ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀርና ቺፑ ይወፍራል። ሲሳሳ ደግሞ ጠርዙ አይሞላም። ፕሬሱ ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ ቺፑ መልሶ ያብጣል። ቀለሙም የራሱ ድርሻ አለው፦ ነጭ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከባድ ነው፣ ጥቁር የሚያደርገው ካርቦን ግን ቀላል ከመሆኑም በላይ ጥቂቱ ይበቃል። ስለዚህ ነጩን ከጥቁሩ ጋር በሚዛን አታወዳድሩ፤ እያንዳንዱን ቀለም ከራሱ ጋር ብቻ።

በኢንጀክሽን፣ ማለትም ቀልጦ ሞልድ ውስጥ በግፊት እየገባ የሚሠራው ኤቢኤስ ሌላ በሽታ አለው። አንድ ሞልድ ብዙ ጉድጓድ ስላለው፣ አንዱ ጉድጓድ ብቻ ቢበላ ከእሱ የሚወጣው ቺፕ ሁሉ ከወንድሞቹ ይለያል። ፋብሪካው በጉድጓድ ቁጥር ለይቶ መመዘኑን ጠይቁ። ኤቢኤስ ሲቀዘቅዝ ከ0.4 እስከ 0.7 በመቶ ይኮማተራል፤ የግፊት ጊዜው ካጠረ ፊቱ ይሰረጉዳል። ፕላስቲኩ በ80 ዲግሪ አካባቢ ለ2 እስከ 4 ሰዓት ሳይደርቅ ከገባ የብር መሳይ ጭረት ይወጣበታል። ብረቱ ወደ አንድ ወገን ከተንሸራተተ ደግሞ ክብደቱ ልክ ሆኖ ቺፑ ያጋድላል።

“ሴራሚክ” የሚባሉት ቺፖች የሸክላ ዕቃ አይደሉም፤ ፖሊመር ናቸው። ሥዕሉ በሙቀትና በግፊት ስለሚታተምባቸው ዋናው ችግራቸው መጉበጥ ነው። ቺፑን መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ በጣታችሁ ጠርዙን ገፋ አድርጉት። እንደ እንዝርት ከዞረ ጎብጧል፤ ሁለቱንም ፊት ሞክሩ።

ለመለካት 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ሚዛኑን መፈተኛ ክብደትና ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይበቃሉ። ውፍረቱን ጠርዙ ላይ በሦስት ቦታ ለኩ፤ መሃሉ ዝቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል አያስተማምንም። ናሙና ከላይኛው ረድፍ ብቻ አትውሰዱ፣ ከየሳጥኑ ከታችም ከመሃልም ይሁን። ለ1000 ቺፕ፣ የናሙና ፍተሻ ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 2859-1 በተለመደው ደረጃ 80 ናሙና ይላል፤ በ1.0 የጥራት ገደብ 2 ብልሽት ያሳልፋል፣ 3 ከተገኘ ምርቱ ይመለሳል። ትእዛዝ ላይ እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ የአንዱ ውፍረት 3.30 ሲደመር ሲቀነስ 0.05፣ የምርቱ አማካይ ሲደመር ሲቀነስ 0.02፣ የ20 ቁልል 66 ሲደመር ሲቀነስ 0.5 ሚሊ ሜትር። ክብደት በስተመጨረሻ ይምጣ፣ በየቀለሙ 3 በመቶ ወዲያ ወዲህ። ክብደት የሚጠቅመው የቁሱ ቅልቅል ሲለወጥ ቶሎ ስለሚያስታውቅ ነው።

ቺፕን በሚዛን ለመቁጠር ግን አትሞክሩ። አማካዩ በ0.1 ግራም ብቻ ቢሳሳት፣ በ1000 ቺፕ ላይ 100 ግራም ይሆናል፤ 9.5 ግራም ለሚመዝን ቺፕ ይህ ከ10 ቺፕ በላይ ስሕተት ነው።

ተጨማሪ ስታዙ፣ አገልግሎት ላይ ያለው ቺፕ በአጠቃቀም ጠርዙ ተበልቶ እንደሚሳሳ አስቡ። አዲሱን ከመቀላቀላችሁ በፊት 20 አዲስ ከ20 አሮጌ አጠገብ አቁሙና ላያቸው ላይ ማስመሪያ አጋድሙ። ማስመሪያው ካጋደለና ልዩነቱ የአንድ ቺፕ ግማሽ፣ ማለትም 1.6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ የዚያን ዋጋ ቺፕ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት። ከመጀመሪያው ምርት ያልተነካ 20 ቺፕ ለማመሳከሪያ በታሸገ ዕቃ ይቀመጥ፣ ላዩ ላይ የተመረተበት ቀንና የተለካው ቁመት ይጻፍበት።