ሰሜን ተራሮች ላይ እንቅልፌን አገኘሁት

አዲስ አበባ ውስጥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ስልኬን ይዤ ስገላበጥ አመሻለሁ፤ ጠዋት በግድ እነሳለሁ። ይህን የቀየረልኝ ሰሜን ተራሮች ላይ ድንኳን ውስጥ ያደርኳቸው ሦስት ሌሊቶች ናቸው።

ደባርቅ ላይ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) እና በቅሎ ይዘን ወጣን። የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው ሳንቃበር፣ 3,250 ሜትር ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር አልተኛሁም። ያለኝን ሁሉ ከላይ ደራረብኩ፤ ብርዱ ግን የመጣው ከታች፣ ከመሬቱ ነው። የድንኳኑን መተንፈሻም ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ነበር። ትንፋሼ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ሲንጠባጠብብኝ አደረ።

ጠዋት ስካውታችን ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። "ልጄ፣ ከላይ ሳይሆን ከሥር ደርብ" አሉኝ።

በማግስቱ ግጭ ደረስን፤ 3,600 ሜትር። ጋቢዬን አጥፌ ከፍራሹ ሥር አነጠፍኩ። ላብ የነካውን ልብስ እስከ ካልሲው ቀየርኩ። ኮዳዬን ሙቅ ውሃ ሞልቼ በካልሲ ጠቀለልኩና እግሬ ሥር ከተትኩት። መተንፈሻውን ትንሽ ከፈት አደረግኩ። ከዚያ ውጭ ቁጭ ብዬ ሰማዩን አየሁ። ኔትወርክ የለም፣ መብራት የለም። ፍኖተ ሐሊብን እንደዚያ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኔ ተከደነ። የነቃሁት ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነው። ጭላዳዎቹም ካደሩበት ገደል እየወጡ ፀሐይ ሊሞቁ ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሦስተኛውንም ሌሊት እዚያው ደገምኩት።

ምክንያቱን ያወቅኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት፣ የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስምንት ሰዎችን ለአንድ ሳምንት ሮኪ ተራሮች ላይ ድንኳን ውስጥ አሳደሩ። ስልክም የእጅ ባትሪም አልተፈቀደም። ሰውነት ለእንቅልፍ የሚያመነጨው ሜላቶኒን ከቤታቸው ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መፍሰስ ጀመረ። ማታ ጨለማ፣ ቀን ፀሐይ፤ ሰውነታችን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኛ ግን ቀኑን ቢሮ ተዘግተን እንውላለን፣ ማታ አምፖል ሥር እናመሻለን።

አሁን ስልኬ ሳሎን ያድራል። መጋረጃዬን ገለጥ አድርጌ እተኛለሁ፤ ጠዋት ቡናዬን በረንዳ ላይ እጠጣለሁ። 4 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይመጣል። ሥራ ሲበዛ መልሼ እበላሻለሁ፤ ያኔ ድንኳኔን አነሳለሁ።