ከበሮው የታለ?

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ስልኬ ላይ የቀረችውን ቻርጅ በሮድሪጎ እና ጋብሪኤላ ቪዲዮ ጨረስኳት። አልቆጨኝም።

እነዚህን ሁለት ሜክሲኳውያን ጊታሪስቶች ለሰው ሳስተዋውቅ ሁሌ “ፍላሜንኮን፣ የስፔኑን የጊታር ሙዚቃ፣ ከሄቪ ሜታል ሮክ ጋር ቀላቅለው የሚጫወቱት” ነው የምለው። እነሱ ራሳቸው ግን ፍላሜንኮ አንጫወትም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የናይለን ክሩ ድምፅና የጣታቸው ፍጥነት ጆሯችንን ስፔን ይወስደዋል እንጂ፣ ያደጉት ሜክሲኮ ሲቲ፣ ትራሽ ሜታል የሚሉትን ፈጣን ሄቪ ሜታል ሲጫወቱ ነው። ቲዬራ አሲዳ የሚባል ባንድ ውስጥ ነበሩ። ባንዱ አልተሳካም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጊታራቸውን ይዘው ደብሊን ገቡ፤ ግራፍተን ጎዳና ላይ ቆመው ለመንገደኛ ተጫወቱ። በ2006 ያወጡት አልበም አየርላንድ ውስጥ አንደኛ ሆነ። አንድ የዘፈን ቃል ሳይኖርበት!

እኔ እስከ ትናንት የማየው ሮድሪጎን ነበር። ዜማውን የሚመራው እሱ ነዋ። ትናንት ግን እሱን ትቼ የጋብሪኤላን ቀኝ እጅ ብቻ አየሁ።

የመዳፏ ሥር የጊታሩን ሆድ ሲመታው “ድም” ይላል። ትልቁ ከበሮ እሱ ነው። በጣቶቿ ጫፍ ደግሞ እንጨቱን “ጠቅ” ታደርገዋለች። በመሀል ክሮቹን በጥፍሯ ትገርፍና ድምፁ ሳይረዝም ወዲያው በመዳፏ ታፍነዋለች። ያቺ የታፈነች ምት ናት ሜታሉ። የኛ የክራር ሰዎች ድርድርና ግርፍ ብለው ይለያሉ አይደል? እሷ ግርፉንም ከበሮውንም ለአንድ እጅ ሰጥታዋለች።

የሄቪ ሜታሉን ባንድ የሜታሊካን “ኦርዮን” እነሱ ሲጫወቱት ደግሜ ከፈትኩት። በ2006ቱ አልበም ላይ አለ። ስንት ዓመት ስሰማው ከበሮ እንደሌለው ልብ ብዬ አላውቅም። ጎድሎኝ አያውቅማ።

በ2020 ግራሚ ያሸለማቸው አልበም ላይ የሮክ ባንዱን የፒንክ ፍሎይድን “ኤኮስ” ወደ 19 ደቂቃ ይጫወቱታል። ጎበዞች ናቸው፣ ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔን መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ለኔ የ2006ቱ ይበልጥብኛል።

ዛሬ ጠዋት ጊታሬን አወረድኩና ሞከርኩት። “ድም”ዋ እሺ አለችኝ። “ጠቅ” ስጨምር ክሩን ረሳሁት፤ ክሩን ሳስታውስ እጄ ቆመ። ደጋግሜ፣ ቀስ እያልኩ፣ ድም ጠቅ ጠቅ፣ ድም ጠቅ ጠቅ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመዳፌ ሥር ቀላ።

ወዲያው የግቢው በር ሲከፈት ሰማሁ። አከራዬ ናቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ውጭውን ግራና ቀኝ አዩና ወደኔ ዞሩ።

“ማነው ልጄ፣ እንዲህ በሩን የሚደበድበው?”